ለቅዳሜው ውይይት አባላት፦ ድንቅነሽ አያታችን ናት ወይስ አክስታችን?

ውድ አባላት፣

ድንቅነሽ በቀጥታ የወለደችን ቅድመ አያት ናት ወይስ የጎን ዘመድ ብለን ባለፈው ቅዳሜ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የጀመርነው ክርክር ቡናው ቢቀዘቅዝም አልበረደም። በእኔ እይታ ቅሪተ አካል ዝምድናን በደንብ ያሳያል፤ ማን ማንን እንደ ወለደ ግን አይመሰክርም። አጥንት ከቀበሌ የልደት የምስክር ወረቀት ይዞ አይወጣም!

በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት፤ ከእሷ በፊትም ለረጅም ዘመን የኖረው ዝርያዋ ቀጥ ብሎ ይራመድ ነበር። እዚያው አፋር፣ ወራንሶ ሚሌ የተገኘው፣ የሌላ ዝርያ የሆነው የ3.4 ሚሊዮን ዓመት የእግር ቅሪተ አካል ግን አውራ ጣቱ እንደ እጅ ጣት ወደ ጎን ወጥቶ ቅርንጫፍ ለመጨበጥ የተመቸ ነው። ሁለት ዓይነት አረማመድ፣ በአንድ ዘመን! ታዲያ አያታችን የትኛው ነው?

ቅዳሜ 9 ሰዓት እንገናኝ። በክርክሩ ጠረጴዛ የደበደበው ወንድማችን የወራንሶ ሚሌውን እግር ሥዕል ይዞ ይምጣ።