ስትሪፕ ያጡ ሦስት የስኳር መለኪያዎች

ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

በቤታችን መሳቢያ ውስጥ ሦስት የስኳር መለኪያዎች አሉ። ባትሪ ቢገባላቸው ሦስቱም ይበራሉ። አንዳቸውም ግን አያገለግሉንም፤ የደም ጠብታ የሚቀበለው ቀጭን ቁራጭ፣ ስትሪፓቸው፣ ከገበያ ጠፍቷል፣ የአንዱ ስትሪፕ ደግሞ ለሌላው አይሆንም። የ11 ዓመት ልጄ የዓይነት አንድ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ኢንሱሊን ከመወጋቷም ሆነ ከመተኛቷ በፊት ጣቷን ወግተን እንለካለን። ስትሪፕ ባጣንበት ሰሞን የኢንሱሊኑን መጠን በግምት ሰጠናት፤ አንድ ሌሊት ስኳሯ ወርዶ፣ በላብ ተጠምቃ፣ ስጠራት መልስ መስጠት ተስኗት አገኘኋት። ማር አፏ ውስጥ እያደረግን ነጋልን። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ ሌሊት ነው።

ሙያዬ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። እንዲህ ያለው መለኪያ ባዮሴንሰር ይባላል፤ ልቡ ስክሪን ያለው ሳጥን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግሉኮሱን፣ ማለትም የደሙን ስኳር፣ ለይቶ የሚያውቀው ስትሪፑ ላይ የደረቀው ኢንዛይም ነው፤ ሳጥኑ ከዚያ የሚመጣውን ጥቂት የኤሌክትሪክ ፍሰት ወደ ቁጥር ይለውጣል። ንግዱም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። መለኪያው በርካሽ፣ አንዳንዴም በነጻ ይሰጣል፤ ትርፉ በየቀኑ ተጠቅመን ከምንጥለው ስትሪፕ ይገኛል። አስመጪው ሞዴል ሲቀይር ወይም የውጭ ምንዛሪ ሲያጣ ሕመምተኛው መለኪያውን ታቅፎ ይቀራል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ስትሪፑ ሲገኝም ዋጋው ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ ሆኗል።

ስለዚህ አንድ መለኪያ ሲመዘገብ አስመጪው ስትሪፑን ለተወሰኑ ዓመታት ሳያቋርጥ ለማቅረብ በጽሑፍ ግዴታ ይግባ። ማቋረጡ የማይቀር ከሆነም ሕመምተኞችና ሐኪሞች ወራት ቀድመው ይወቁ። ከዚህ ደብዳቤ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ እንዳይረሳ እለምናለሁ።

ትክክለኛነቱም ያሳስበኛል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የስኳር መለኪያዎች ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይሶ 15197፣ ስኳሩ በዴሲሊትር ደም 100 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ከ100 ውጤቶች ቢያንስ 95ቱ ከላቦራቶሪው ውጤት ከ15 በመቶ በላይ እንዳይርቁ ያዛል። ይህ የሚረጋገጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአምራቹ አገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም የሚጠቀሙ አንዳንድ ስትሪፖች ደግሞ በእንዲህ ያለ ከፍታ የደሙ ኦክስጅን ሲቀንስ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳዩ ይችላሉ። ብዙ ስትሪፖች ከ30 ዲግሪ በላይ እንዳይቀመጡ ማሸጊያቸው ላይ ተጽፏል፤ የሰመራና የጋምቤላ ሙቀት ግን በጥላ ሥር እንኳ ከዚያ ያልፋል። በየጊዜው ከመደብር ናሙና አንስታችሁ ከላቦራቶሪ ውጤት ጋር ብታስተያዩልን ትልቅ ነገር ነው።

ክንድ ላይ ተለጥፎ ስኳሩን ያለማቋረጥ የሚለካው ሴንሰር በአብዛኛው በዘመድ ሻንጣ ከአሜሪካ ይመጣል። አንዱ ለሁለት ሳምንት ገደማ ያገለግላል፤ ቢበላሽ እዚህ የሚጠየቅለት የለም። እሱም በሕጋዊ መንገድ የሚገባበት ቀን ይምጣ።

ስትሪፕ እዚሁ መሥራት ይቻላል ብዬም አምናለሁ። ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፈው ክፍል፣ ኤሌክትሮዱ፣ የካርቦን ቀለም በፕላስቲክ ላይ በማተም ይሠራል። ኢንዛይሙንና ቀለሙን ለጊዜው ከውጭ ማስመጣታችን አይቀርም፤ ከባዱ ሥራ ግን እያንዳንዱን ስትሪፕ ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት ማድረግና ከእርጥበት መጠበቅ ነው። በጅማና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ባዮሜዲካል ምህንድስና የተማሩ ወጣቶች አሉን። የሠሩትን ናሙና ይዘው ሲመጡ በስንት ሕመምተኛ ላይ መሞከር እንዳለባቸው፣ የትኛው ላቦራቶሪ እንደሚያረጋግጥላቸውና መልሱ በስንት ቀን እንደሚደርሳቸው አስቀድሞ ተጽፎ ይጠብቃቸው። ባለሀብትም ገንዘቡን የሚያወጣው መንገዱ የት እንደሚያደርሰው ሲያውቅ ነው።

መሳቢያችን ውስጥ ያሉትን ሦስት መለኪያዎች ለማየት ከፈለጋችሁ በጠራችሁኝ ቀን ይዣቸው እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የስኳር ሕመምተኛ ልጅ ወላጅ