ሶፋችሁን ደጅ ላይ ስለምንከፍትበት ምክንያት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ካለፈው ወር ጀምሮ ለእድሳት የሚመጣ ሶፋ ሁሉ ወደ ውስጥ ሳይገባ ደጅ ላይ ይገለበጣል፤ የታችኛው ጨርቅ ተቀዶ ይፈተሻል። በዚህ ብዙዎቻችሁ ተቀይማችኋል። አንድ የቆዩ ደንበኛችን «ቤቴ ቆሻሻ ነው ማለትህ ነው?» ብለው ሶፋቸውን መልሰው አስጭነው ሄዱ። ንግግራቸው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

የሆነው እንዲህ ነው። አንዲት እናት አድሰን የጨረስነውን ሶፋ ሊረከቡ መጥተው ቁጭ አሉ። «ስፕሪንጉ ይጮኻል» አሉኝ። አዲስ ስፕሪንግ ነው፣ አይጮኽም አልኩ። በእጄ ስጫነው ከሥር ተንቀሳቀሰ። ስንከፍተው አንዲት አይጥ ዘላ በጫማቸው ላይ አልፋ የስፌት ማሽኑ መሳቢያ ውስጥ ገባች። ስፖንጁ ውስጥ ስድስት ጠጉር ያላበቀሉ ልጆች ተኝተዋል። የተነጠፈላቸው ደግሞ የሌላ ደንበኛ ጨርቅ ነው፤ ተቦጫጭቆ። አይጧ በሌላ ሰው ሶፋ መጥታ ነው እዚያ የተዛወረችው። ከዚያ ወዲህ ከመኪና መቀመጫ ራስ መደገፊያ ውስጥ እፍኝ ሙሉ እህል አውጥተናል። እሷው ያጠራቀመችው ነው።

ውድ ደንበኞቼ፣ አይጥ ንጹሕ ቤት፣ ቆሻሻ ቤት ብላ አትመርጥም። እርሳስ በሚያስገባ ቀዳዳ ትሾልካለች። የፊት ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ስለሚያድግ ሳይርባትም ትቀረጥፋለች። ካረገዘች በ20 ቀን ገደማ ትወልዳለች። የምትፈልገው ሙቀት፣ ጨለማና ለጎጆ የሚሆን ጥጥ ነው። ሶፋ ውስጥ ሁሉም አለ።

መርዝ አድርግ ያላችሁኝም አላችሁ። መርዝ በልታ ስፖንጅ ውስጥ ብትሞት ሽታው ሳሎናችሁ ድረስ ይከተላችኋል። ይህን አላደርግም።

ይህን ሥራ በአንድ መቀስና በአንድ መዶሻ ከጀመርኩ 19 ዓመቴ ነው። ያኔ የሠራሁት ወንበር ላይ ዛሬ ልጆቻችሁ ይቀመጣሉ። ስፖንጁም ጨርቁም በየጊዜው ይወደዳል። እንዲያም ሆኖ ስንፈትሽ የቀደድነውን የምንተካው በራሳችን ወጪ ነው፤ ማንንም አስከፍለን አናውቅም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚሉት እኔ ላይ ደረሰ።

አስቀድመን ሳንነግራችሁ ስለጀመርን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፍተሻው ግን ይቀጥላል።

ሶፋቸውን ይዘው የተመለሱት ደንበኛችን ይህን ካነበቡ፣ እኔ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ። ከፈለጉም እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ማንም ሳያይ እፈትሸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሶፋ እድሳት ቤቱ ባለቤት