የክረምቱ ጎርፍ የሚሰርግበት መሬት ይለይልን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቆቦ ሜዳ ሽንኩርትና ቲማቲም በጉድጓድ ውሃ የማለማ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ጉድጓዴ ውሃው ስለራቀበት ፓምፑን ደጋግሜ ዝቅ ለማድረግ ተገድጃለሁ፤ ጎረቤቶቼም እንዲሁ። ከምዕራቡ ተራራ የሚወርዱት የጎሊናና የሆርማት ወንዞች ግን በየክረምቱ ሞልተው ደጃችንን አልፈው ይሄዳሉ።

ከዓመታት በፊት በቀበሌያችን ጎርፉን ወደ ከርሰ ምድር ያሰርጋል የተባለ ትልቅ ኩሬ ተቆፍሮ ነበር። ቦታው የተመረጠው ለመኪና መንገድ ቅርብ ስለሆነ ብቻ ነው፤ አፈሩ ዋልካ በመሆኑ ውሃው ሳይሰርግ ቆይቶ በፀሐይ ተነነ። እኔም ከቆፋሪዎቹ አንዱ ስለነበርኩ ያ ሁሉ ጉልበት እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ከእንግዲህ ከመቆፈር በፊት ካርታ ይቅደም እላለሁ። የምድሩን ከፍታ በየ30 ሜትሩ የሚያሳይ ከህዋ የተለካ መረጃ በነፃ ይገኛል፤ በዚህ ላይ የአለቱ ዓይነትና ስንጥቅ፣ ተዳፋቱ፣ አፈሩ፣ የዝናቡ መጠንና የመሬት አጠቃቀሙ ለውሃ መስረግ ባላቸው ድርሻ ልክ ነጥብ ተሰጥቷቸው በካርታ ላይ ሲደራረቡ ተስማሚው ቦታ ተለይቶ ይወጣል። ይሁን እንጂ ከላይ የሚታየው ብቻ አይበቃም፤ ውሃው ቀድሞውኑ ለመሬት ገጽ በቀረበበት ስፍራ ጎርፍ መጨመር ማሳውን ያጨቀየዋል፣ ጨውም ያወጣበታል፤ ስለዚህ በየጉድጓዱ ያለው የውሃ ጥልቀት በበጋም በክረምትም መለካትና በካርታው ላይ መስፈር አለበት።

በእኛ አገር ጎርፉ ከተራራ ወጥቶ ሜዳውን ሲይዝ ጠጠሩንና ሻካራ አሸዋውን እዚያው እግር ሥር ይጥላል፣ ጭቃውን ግን ይዞ ወደ መሐል ሜዳ ይዘልቃል። ውሃ የሚሰርገው እንግዲህ በዚያ ጠጠራማ መሬት ነው። ይህን በ«ጠለፋ» የክረምቱን ጎርፍ ከወንዝ ወደ ማሳ ሲመሩ የኖሩ ሽማግሌዎች ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ የትኛው አሸዋ ደራሽ ውሃን በአንድ ሌሊት እንደሚውጥ በጣታቸው ያሳያሉ፤ ባለሙያዎቹም እነሱን ይዘው ቢዞሩ መልካም ነው። ቦታው ከተለየ በኋላም የላይኛው ተዳፋት እርከን ካልተሠራለት ደለሉ የኩሬውን ወለል ይደፍነዋል፤ በየበጋው መጥረግም ግድ ይሆናል።

ጎሊና ወደ አፋር የሚወርድ ወንዝ ስለሆነ ጎርፉ ለታችኞቹ አርብቶ አደሮች ግጦሽ ነው። ምን ያህሉን ብናስቀር እንደማይጎዱ ከመወሰኑ በፊት፣ ጥናቱ ወደ እነሱም ወርዶ እንዲጠይቃቸው የሚመለከታቸውን አካላት በአክብሮት እለምናለሁ።

ከቆቦ፣ ሰሜን ወሎ