«ስዊዘርላንድ ሐሺሽ ፈቀደች» ስለሚለው ወሬና ስለ እኛ ዝምታ

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሰፈር፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ መሥራት ከጀመርሁ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ በቅርቡ በመድኃኒት ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲጨዋወቱ ከነበሩ ወጣቶች የሰማሁት ንግግር ነው። አንደኛው ስልኩን ለጓደኞቹ እያሳየ «ስዊዘርላንድ እኮ ሐሺሽ ፈቅዳለች፤ ፋርማሲ ውስጥ ነው የሚሸጠው» ሲል፣ ሌላው ቀበል አድርጎ «እዚህ ብትያዝ ግን ዘብጥያ ነው» አለው። የመጀመሪያው ልጅ የተናገረው ከእውነቱ ግማሹን ነው። የሁለተኛው ንግግር እውነት ቢሆንም፣ ይህ ፍርሃት በሰፈራችን ምን እያስከተለ እንደሆነ በአደባባይ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ስለ ሁለቱም የማውቀውን ለአንባቢዎቻችሁ ማካፈል የሙያ ግዴታዬ መስሎ ተሰማኝ።

ባለፈው ዓመት፣ በእኛ ክረምት በእነሱ ደግሞ በበጋ፣ ታናሽ እኅቴ ስትወልድ ላርሳት ሄጄ ቢል በምትባል የስዊዘርላንድ ከተማ ሁለት ወር ተቀምጬ ነበር። ቢል ከዋና ከተማዋ ከበርን በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል የምትርቅ፣ 55,000 ገደማ ነዋሪዎች ያሏት፣ በእጅ ሰዓት ሥራ ስሟ የተጠራ ትንሽ ከተማ ናት። የመንገዶቿ ስም በጀርመንኛና በፈረንሳይኛ አብሮ የተጻፈ ሲሆን፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ቢየን ይሏታል። አመሻሽ ላይ ሕፃኑን በጋሪ እየገፋን ወደ ሐይቁ ዳር ስንወርድ፣ ሣሩ ላይ ክብ ሠርተው ከተቀመጡት ወጣቶች ዘንድ የካናቢስ፣ ማለትም እኛ ሐሺሽ የምንለው ቅጠል፣ ያ ከባድ ሽታው ይመጣ ነበር። ከትምባሆ ጋር ቀላቅለው በቀጭን ወረቀት ይጠቀልሉታል፤ አላፊ አግዳሚውም ዞር ብሎ አያያቸውም። በመጀመሪያው ቀን ፖሊስ የሚመጣ መስሎኝ የጋሪውን እጀታ ጨብጬ ቆሜ ቀረሁ። እኅቴ «እትዬ፣ ነይ እንሂድ፤ ማንም ምንም አይልም» ብላ እጄን ያዘችኝ። በአጠገቡ ባለ ኪዮስክ ደግሞ ከሲጋራው ጎን የካናቢስ አበባ በማሸጊያ ተደርድሮ ሲሸጥ አየሁ።

ነገሩ ስላሳሰበኝ ሕጉን ጠይቄና አንብቤ ለመረዳት ሞከርሁ። ኪዮስኩ ውስጥ የነበረው፣ የሚያሰክረው ንጥረ ነገር ማለትም ቲኤችሲ ከ1 በመቶ በታች የሆነበት ዝርያ ነው፤ ይህ ወሰን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሚሠራ ስለሆነ ያ ሽያጭ ሕጋዊ ነው። ከዚያ በላይ የሆነው ካናቢስ ግን እ.ኤ.አ. በ1951 በወጣው የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ምክንያት እስከ ዛሬ የተከለከለ ነው። መሸጥና ማዘዋወር አሁንም ያሳስራል። የላላው በተጠቃሚው ላይ ያለው እጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2013 ወዲህ አንድ አዋቂ ሰው ሲያጨስ ቢገኝ ፖሊሱ እዚያው የ100 ፍራንክ ቅጣት ይቆርጥለታል እንጂ ፍርድ ቤት አያመላልሰውም፤ ለራሱ የያዘው ከ10 ግራም ካልበለጠም መያዙ ብቻውን አያስቀጣውም። መኪና የሚነዳ ሰው ግን በአንድ ሊትር ደሙ ውስጥ 1.5 ማይክሮግራም ቲኤችሲ ከተገኘበት ጥፋተኛ ነው። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2022 ጀምሮ ደግሞ ሐኪሞች ለሕመምተኛ በካናቢስ የተሠራ መድኃኒት ያለ ልዩ ፈቃድ ማዘዝ ይችላሉ፤ ይህ የሕክምና ጉዳይ በመሆኑ ከመዝናኛው ጋር መደባለቅ የለበትም።

ታዲያ «ፋርማሲ ውስጥ ይሸጣል» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ሥራ ላይ የዋለ የሕግ ማሻሻያ፣ ከተሞች ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆነው፣ ካናቢስ ለተሳታፊዎች በመድኃኒት ቤትና በመሰል ቦታ የሚሸጥበት፣ ጊዜውና ተሳታፊው የተወሰነ ጥናት እንዲያካሂዱ ፈቅዷል። ባዝል በ2023 መጀመሪያ ላይ ቀዳሚ ሆነች፤ ቢል ደግሞ ከበርንና ከሉትሰርን ጋር የበርን ዩኒቨርሲቲ በሚመራው ጥናት ውስጥ ገባች። በጥናቱ የሚካተተው ዕድሜው ከ18 ዓመት በላይ የሆነ፣ የከተማው ነዋሪ የሆነና አስቀድሞም ካናቢስ የሚጠቀም ሰው ብቻ ነው፤ ያልጀመረውን አያስጀምሩም፤ ነፍሰ ጡርም አይቀበሉም። የቲኤችሲው መጠን ከ20 በመቶ መብለጥ አይችልም፤ በወር የሚገዛውም ጣሪያ አለው፤ ማስታወቂያ የተከለከለ ነው፤ ገዥውም በአደባባይ ሊያጨሰው ወይም ለሌላ ሰው ሊያሳልፈው አይችልም። ይህን ሁሉ ድካም የሚደክሙት በጥቁር ገበያ የሚሸጠው ምን እንደተነሰነሰበት ስለማይታወቅ ነው፤ ከ2020 ወዲህ በፋብሪካ የተቀመመ እጅግ አደገኛ ንጥረ ነገር የተረጨበት አበባ በዚያ አገር በምርመራ ተገኝቷልና።

አንድ ቀን ለሕፃኑ ቆዳ የሚሆን ቅባት ፍለጋ በጥናቱ ከሚሳተፉት መድኃኒት ቤቶች ወደ አንዱ ገባን። ባለሙያዋ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ስትሆን፣ እኅቴ የሙያ ባልደረባዋ መሆኔን ብትነግራት ከባንኮኒው ጀርባ ወዳለች ጠባብ ክፍል አስገባችን። ሁለት ወንበር፣ አንዲት ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛዋም ላይ አንድ ጆግ ውኃ ነበር። የጥናቱ ተሳታፊ ሲመጣ እዚህ ተቀምጦ እንደሚያነጋግራት ነገረችን። ምን ምን ትጠይቂዋለሽ ብዬ እኅቴን አስተርጉሜ ብጠይቃት፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚያጨስ፣ ከትምባሆ ጋር ይቀላቅል እንደሆነ፣ መኪና ይነዳ እንደሆነ፣ ስሜቱ እንዴት እንደ ሰነበተ በጣቷ እየቆጠረች ዘረዘረችልኝ። ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ግን ማታ እንቅልፍ ይወስደው እንደሆነ ነው አለች። ይህን ስትል ልቤ ደነገጠ፤ ምክንያቱን ከታች እመለስበታለሁ።

ይህ ሕዝብ ዕፅን አቅልሎ የሚያይ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ዙሪክ መሐል ያለው ፕላትስፒትስ የተባለው መናፈሻ ሄሮይን በሚወጉ ሰዎች ተሞልቶ ነበር፤ በ1992 ተዘጋ፤ ከዚያ መከራ በኋላ ነው መከላከልን፣ ሕክምናን፣ ጉዳት መቀነስንና ሕግ ማስከበርን አንድ ላይ የያዘ ፖሊሲ የቀረጹት። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2008 በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ በሄሮይን የተጠመዱ ሰዎችን በሐኪም ቁጥጥር ማከምን 68 በመቶው ሲደግፍ፣ በዚያው ዕለት ካናቢስን ነጻ የማድረጉን ሐሳብ 63 በመቶው ውድቅ አድርጎታል። ለሕመምተኛው እጁን የዘረጋውም ዕፁን አልፈቅድም ያለውም ያው ሕዝብ ነው። በእኛ ቋንቋ ግን ቅጠሉም፣ ሄሮይኑም፣ ኮኬይኑም «ሐሺሽ» በሚል አንድ ስም ስለሚጠራ፣ እንዲህ ያለው ልዩነት ወደ እኛ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። በነገራችን ላይ ጫት በስዊዘርላንድ ከተከለከሉት ዕፆች አንዱ ነው፤ እኛ ለውጭ ምንዛሪ የምንልከውን እዚያ ጉምሩክ ይወርሰዋል።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከእኛ ብሎክ በስተጀርባ የሚኖር፣ ሃያ አንድ ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ማታ ልንዘጋ ስንል መጣ። የሰፈር ሰው መድኃኒት ቤት የቆመውን ሁሉ «ዶክተር» ይላልና «ዶክተር፣ የእንቅልፍ መድኃኒት ፈልጌ ነበር» አለኝ። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ የለበሰው ጃኬት እስከ አገጩ ተዘግቷል። «ያለ ማዘዣ አልሰጥም» አልሁት። ያልሁት ትክክል ነበር፤ ዛሬም ቢሆን አልሰጠውም። ሆኖም ከዚያ ቃል በቀር ሌላ ቃል አልተነፈስሁም። ለምን እንቅልፍ እንዳጣ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ጥቂት ቆሞ መደርደሪያውን ሲያይ ቆየና «እሺ» ብሎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረችኝ እናቱ ናት። ልጁ ከክፍሉ መውጣት ተወ፤ ብቻውን ማውራት ጀመረ፤ ጎረቤት በግድግዳው በኩል ስሙን እየጠራ ያማኛል ይል ነበር። ጸበል ወሰደችው፤ ሦስት ሳምንት ተቀመጡ። ሲብስበት ወደ አንድ ሆስፒታል ሄዱ፤ ሐኪሙም እንደ ደንቡ «ሱስ አለበት?» ብሎ ጠየቀ። እናት በጃኬቱ ኪስ ውስጥ በወርቀ ዘቦ ወረቀት የተጠቀለለ ቅጠል ካገኘች ወር አልፏት ነበር። ሆኖም «ኧረ ጫት እንኳ አያውቅም» አለች። ከፎቃቸው በታች የምትኖር ጎረቤታቸው ወንድ ልጅ በዚሁ ነገር ታስሮ ስለነበር፣ እውነቱን ብትናገር ወረቀት ላይ ሰፍሮ ለፖሊስ የሚደርስ መስሏት ነበር። ሐኪሙ የተነገረውን ይዞ መድኃኒት አዘዘ፤ ልጁም ትንሽ ሲሻለው ወደ ማጨሱ ተመለሰ፤ ሕመሙ አገረሸ። እንዲህ ሆነው አራት ወር ቆዩ። መድኃኒቱን ልትገዛ በመጣች ቁጥር ታለቅስ የነበረችው ይህች እናት አንድ ቀን ባንኮኒው ላይ ተደግፋ «እኅት ዓለም፣ እኔ ነኝ የገደልሁት» አለችኝ። የማጽናኛ ቃል ጠፋኝ፤ ያች ማታ ትዝ አለችኝና።

የቲኤችሲ መጠኑ ከፍተኛ የሆነ ካናቢስ፣ በተለይ በለጋ ዕድሜው ጀምሮ አዘውትሮ ለሚያጨስ ወጣት፣ የአእምሮ ሕመም የመቀስቀስ አደጋ እንዳለው በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው። ሐኪሙ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ያላወቀው ልጁ ማጨሱን ብቻ ነበር።

ስለዚህ ካናቢስ በአገራችን ይፈቀድ የሚል ሐሳብ የለኝም፤ እንዲያ የሚል ቢመጣም እቃወማለሁ። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ የሚያበቅለውንና የሚያዘዋውረውን መቅጣቱ ተገቢ ነው። ልመናዬ ከዚያ ይልቅ ጠባብ ነው። ቤተሰብ ልጁን ለማሳከም ለሐኪም፣ ለነርስ ወይም ለመድኃኒት ባለሙያ የተናገረው ቃል ለክስ እንደማይውል በማያሻማ ቋንቋ ተጽፎ በየጤና ጣቢያው የካርድ ክፍል ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ያች እናት ያን ቀን ሌላ መልስ በሰጠች ነበር ብዬ አምናለሁ። ስዊዘርላንዶች በሕጋቸው ውስጥ መምህር፣ የጤና ባለሙያ ወይም የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ በዕፅ ምክንያት አደጋ ላይ የወደቀ ልጅ ሲያይ ለእርዳታ ሰጪው አካል ማሳወቅ እንዲችል ፈቅደዋል። ከእነሱ የምንወስደው ነገር ካለ ይህንና ያችን ባለ ሁለት ወንበር ጠባብ ክፍል ነው። በእኛ መድኃኒት ቤቶች ሰው ተሰልፎ፣ ከኋላው የቆመው እየሰማ ነው ሕመሙን የሚናገረው፤ በከተማው ዳርቻ ደግሞ ወጣቱ ብዙ፣ ሥራው ጥቂት፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያም ሩቅ ነው። ክፍል መሥራት ባይቻል እንኳ አንድ መጋረጃ ከፍሎ ወንበር ማስቀመጥ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚመለከታቸው የጤናና የሕግ አካላት ሊያስቡበት ይገባል፤ ጋዜጣችሁም ስለ ዕፅ በሚዘግብበት ጊዜ የትኛው ዕፅ እንደሆነ በስሙ እየጠራ፣ ቤተሰብ የት ሄዶ መታከም እንደሚችል ከዜናው ጋር ቢያትም ታላቅ ውለታ ነው።

እኔ ከቢል ስመለስ የመድኃኒት ቤታችንን ባለቤት አስፈቅጄ ከመደርደሪያው ጀርባ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አስቀምጫለሁ። ልጁ አሁን ከበፊቱ ይሻለዋል፤ ሐኪሙም እውነቱን ካወቀ በኋላ ሕክምናውን አስተካክሎለታል፤ በየወሩ መጀመሪያ መድኃኒቱን ራሱ እየመጣ ይወስዳል። ባለፈው ሲመጣ ወንበሩን ስቤለት «እንቅልፍ እንዴት ነው?» አልሁት። የመድኃኒቱን ካርቶን በእጁ እያገላበጠ ዝም አለ። ከዚያም ሰው ይኖር እንደሆነ በረንዳውን ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገር ጀመረ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የመድኃኒት ባለሙያ፣ ከየካ አባዶ