ጆሮሽ ምንም አልሆነም

ለምወድሽ ልጄ፣

ሰሞኑን እኔ ስገባ አንቺ ተኝተሻል፤ ስወጣም አልነቃሽም። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

ባለፈው አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ኢርፎን ሰክተሽ እንግሊዝኛ ስታዳምጪ አየሁሽ። አንድ ቃል ሲያመልጥሽ ታቆሚያለሽ፣ ወደ ኋላ ትመልሻለሽ፣ እንደገና ታቆሚያለሽ። በመጨረሻ «የኔ ጆሮ እንግሊዝኛ አይገባውም» አልሽኝ። አባባልሽ ከነከነኝ። ሃይስኩል ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው፤ አስተማሪ ደግሞ እንደ ኦዲዮ ወደ ኋላ አይመለስም።

ኦዲዮውን ከመክፈትሽ በፊት ርዕሱን ብቻ አንብቢ። ይነሳል ብለሽ የምትገምችውን ደብተርሽ ላይ ጻፊ። ስለ ቡና ከሆነ እርሻ፣ ዋጋ፣ ገበያ መምጣቱ አይቀርም። ከዚያ ሳታቆሚ እስከ መጨረሻው ስሚ፤ ግምትሽ የሠመረበት ላይ ምልክት አድርጊ። ጓደኛሽም የሰማችውን ትጻፍና አስተያዩ። ሁለተኛ ጊዜ የምትሰሙት የተለያያችሁበትን ለማጣራት ነው። የኦዲዮውን ጽሑፍ በሦስተኛው ዙር ብቻ ክፈቱት።

ይሄ ከራሴ የመጣ ሐሳብ አይደለም። ካናዳዊው ተመራማሪ ላሪ ቫንደርግሪፍት ከባልደረባቸው ጋር በ2010 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። ፈረንሳይኛ የሚማሩ ሁለት ቡድኖች አንድ ዓይነት ነገር አዳመጡ። መገመትና ራሳቸውን መፈተሽ የተለማመዱት በለጡ። በዚያ ቡድን ውስጥ ይበልጥ የተሻሻሉት ደግሞ ማዳመጥ ከብዷቸው የነበሩት ናቸው። አየሽ፣ ላንቺ የሚሆን ነገር ነው። ሜታኮግኒሽን ይሉታል፤ አእምሮሽ ምን እየሠራ እንደሆነ ራስሽ መከታተል ነው።

የማዳመጥ መልመጃሽን አይቼዋለሁ። «ሃምሳ ተማሪዎች ለጉብኝት ሄዱ» ብለሽ ጽፈሻል። ዝቅ ብሎ ሁሉም በአንድ ሚኒባስ እንደሄዱ አንቺው ጽፈሻል። ሃምሳ ሰው ሚኒባስ ውስጥ ይገባል? እዚያ ጋ መጠርጠር ነበረብሽ። ተናጋሪው ያለው ፊፍቲን፣ አሥራ አምስት ነው። ፊፍቲን ሲባል ብዙ ጊዜ ድምፁ የሚጠነክረው መጨረሻው ላይ ነው፤ ፊፍቲ ሲባል ግን መጀመሪያው ላይ። ጆሮ ቢሳሳት እንኳ የወሬው አካሄድ ያርማል።

ስትጨርሺ የት ጋ እንደጠፋብሽ በአንድ መስመር ጻፊ። ፍጥነቱ ነው? የማታውቂው ቃል ነው? ወይስ ሐሳብሽ ሌላ ቦታ ሄዶ ነው? መድኃኒታቸው ለየቅል ነው።

እሁድ ከሰዓት ቤት ነኝ። ኦዲዮውን አንቺ ምረጪ፤ ግምታችንን ለየብቻ እንጻፍና አብረን እንስማ።

አባትሽ