የተኮራረፍንበት ቤዝ

ወዳጄ፣ እንዴት ከርመሃል? ጠፍቻለሁ፣ አውቃለሁ። የመጨረሻ መልእክትህን አይቼ «ማታ እመልሳለሁ» ያልኩት፣ ያ ማታ ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አሁን ደግሞ ብድግ ብዬ የምጽፍልህ ስለ ምን ይመስልሃል? ስለ ሳብዉፈር፣ ስለዚያ ወፍራሙን ድምፅ (ቤዙን) ብቻ ስለሚያወጣው ስፒከር። ሳቅ፣ አልከለክልህም።

የዚያን ቀን እኔ ቤት የሆነውን መቼም አትረሳውም። አዲሱን ሳብዉፈር ላሰማህ ጠርቼህ፣ አንተ ወንበር ስበህ ክፍሉ መሃል ላይ ተቀመጥክ፣ እኔ ደግሞ ከኋላ ግድግዳ በተጠጋው ሶፋ ላይ። የቤዝ ጊታሩ መግቢያ ሲጀምር እኔን ደረቴ ድረስ ነዘረኝ። አንተ ኮስተር ብለህ «ቤዙ የታለ?» አልክ። ጆሮህን ታከም አልኩህ። አንተም ገንዘብህን ውሃ በላው አልከኝ። በቀልድ የጀመርነው ነገር እንዴት እንደዚያ እንደከረረ እስካሁን አይገባኝም፤ ብቻ ተኮራርፈን ተለያየን።

ለካ ሁለታችንም ልክ ነበርን። ይሄን ለማወቅ ሜትር ይዤ ክፍሉን መለካት ነበረብኝ።

ክፍሉ ከፊት ግድግዳ እስከ ኋላ ግድግዳ 4.2 ሜትር ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 343ን ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ፣ ማለትም ለ8.4 ስታካፍለው 41 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 41 ንዝረት ገደማ ይመጣል። እዚህ ድምፅ ላይ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየነጠረ የሚመላለሰው ሞገድ እርስ በርሱ ይገጥምና ቆሞ ይቀራል፤ ግድግዳዎቹ ጋ ይቆለላል፣ መሃል ላይ ጥፍት ሊል ምንም አይቀረው። አሁን የባለአራት ገመድ ቤዝ ጊታር ወፍራሙ ገመድ ጣት ሳያርፍበት ሲመታ ስንት ሄርዝ እንደሆነ ገምት። 41! ያ መግቢያ ደግሞ እዚያው ገመድ ላይ ነበር የሚመላለሰው። አንተ ከጠፋበት ተቀምጠህ፣ እኔ ከተቆለለበት ተደግፌ፣ ስለ አንድ ኖታ ስንጣላ ነበር ማለት ነው።

እዚህ እስክደርስ ያልሠራሁት ሞኝነት የለም። መጀመሪያ ስፖንጅ ገዝቼ ግድግዳውን ለጠፍኩት። ቀጭን ስፖንጅ የሚውጠው ቀጭን ድምፅ ነው፤ የ41 ሄርዝ ሞገድ ርዝመቱ ከ8 ሜትር በላይ ነው፣ 5 ሳንቲ ስፖንጅ ለሱ ምኑ ነው? ቤዙ እንደነበረው ማጓራቱን ቀጠለ፣ የሞተው የጸናጽሉና የዘፋኟ ትንፋሽ ነው። ነቅዬ ጣልኩት፣ የሙጫው ምልክት ግን አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። ከዚያ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍ ዝቅ ወደሚያደርገው ኢኳላይዘር ዞርኩ። የተቆለለውን መቀነስ ይቻላል፣ ይሠራልም። የጠፋውን መሙላት ግን በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው፦ ድምፁን 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ለመጨመር ብቻ አራት እጥፍ ኃይል ትጠይቀዋለህ፣ አንተ በጨመርክ ቁጥር ደግሞ የሚያጠፋው ሞገድም እኩል ይጨምራል።

በመጨረሻ ሶፋውን ከግድግዳው አላቀቅኩት። ጆሮዬ አሁን ከኋላ ግድግዳው 1.6 ሜትር ገደማ ይርቃል፣ የክፍሉ ርዝመት 38 በመቶ መሆኑ ነው። ሕግ አይደለም፣ መነሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ትንሽ ወዲህ ትንሽ ወዲያ እያልክ መስማት ነው። ሶፋው ግን መንገድ ላይ እንደተበላሸ መኪና ሆኗል፣ ሁሉም ዞሮት ነው የሚያልፈው። ይሁን።

ቀጥሎ ዳዴ። እውነቴን ነው። ሳብዉፈሩን ተሸክሜ ሶፋው ላይ፣ እኔ በምቀመጥበት ቦታ አስቀመጥኩትና ቤዙ ወደ ላይ ወደ ታች የሚመላለስ ሙዚቃ ለቀቅኩ። ከዚያ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ጆሮዬን ወደ መሬት ዝቅ አድርጌ፣ ግድግዳ ግድግዳውን። ሳብዉፈሩና ጆሮህ ቦታ ቢቀያየሩ ክፍሉ በመካከላቸው የሚያደርገው ነገር አይለወጥም፤ ስለዚህ ለጆሮህ የተመቸው ቦታ ለሳብዉፈሩም ይመቸዋል። ማዕዘኑ ጋ ሁሉም ኖታ አንድ ዓይነት «እምምም» ሆነ። ትንሽ ራቅ ስል አንዱ ኖታ ተዋጠ። ከፊት ግድግዳ ሥር፣ ከግራው ማዕዘን አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ስደርስ ግን እያንዳንዱ ኖታ ለየብቻው ተሰማኝ፣ አንዱ ካንዱ ሳይበልጥ። እዚያው ተንበርክኬ ቀረሁ። የምትፈልገው ጮክ የሚልበትን ቦታ አይደለም፣ እኩል የሚሰማበትን ነው። ለማስጮህማ ቁልፍ አለው።

ሌላው ጥቃቅን ነው። ክሮስኦቨሩን፣ ከስንት ሄርዝ በታች ያለው ድምፅ ወደ ሳብዉፈሩ እንደሚሄድ የሚወስነውን፣ 120 ሄርዝ ላይ አድርጌው ኖሯል፣ ወንድ ሲዘፍን ግማሽ ድምፁ ከወለሉ ይወጣ ነበር። ድምፁን ለስፒከሮቹ በሚያከፋፍለው ማጉያ፣ ሪሲቨሩ ላይ 80 አደረግኩት፣ ሳብዉፈሩ ላይ ያለውን ደግሞ ሁለቱ ማጣሪያዎች እንዳይደራረቡ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ከዚያ አንድ ዝርርር የሚል ነገር መጣ። ስፒከሩ ተቀደደ ብዬ ደንግጬ ነበር። ዞሬ ዞሬ የመስኮቱ መስታወት ሆኖ ተገኘ፤ ጣቴን ሳሳርፍበት ጸጥ፣ ሳነሳ ዝርርር።

የቀረኝ ፌዝ ነው፣ የሳብዉፈሩና የስፒከሮቹ ሞገድ አብሮ መነሳት መውደቁ። የኛ ፌዝ አይደለም፣ እሱ መቼም አልቀረንም፤ ከሳብዉፈሩ ጀርባ 0 እና 180 የሚል ማብሪያ አለ። በስፒከሮቹም በሳብዉፈሩም የ80 ሄርዝ ድምፅ ትለቅና አንዱ ማብሪያውን ያገላብጣል፣ ሌላው ከሶፋው ሳይነሳ የትኛው ላይ ጎላ እንዳለ ይናገራል። ብቻዬን ሞክሬው ነበር። ማብሪያውን ቀይሬ፣ ሮጬ መጥቼ እስክቀመጥ የበፊቱ እንዴት እንደነበር ይጠፋብኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። እኔ እንበረከካለሁ፣ አንተ ተቀመጥ። «ቤዙ የታለ?» ካልክ ዘንድሮ ዝም ብዬ ማብሪያውን አገላብጣለሁ።