ኮንሰርቲናሽን የጎዳው ድርቀቱ ነው

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በኮንሰርቲናሽ፣ በዚያ እንደ አኮርዲዮን በወናፍ በሚሠራው ባለ ስድስት ማዕዘን ትንሽ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ተጫውተሽ የላክሽልኝን ቅጂ ደጋግሜ ሰማሁት። አንዱ ቁልፍ ጥዝዝ ይላል፣ ከጎኑ ያለው ጭራሽ ድምፅ የለውም። ሙጫ እንዳታነሺ ብዬ ነው ቸኩዬ የምጽፍልሽ።

እኔ ዕድሜዬን የጠገንኩት አኮርዲዮን ነው። በአኮርዲዮን አየር ሲነካው ተንቀጥቅጦ ድምፅ የሚሰጠውን የብረት ምላስ ከእንጨቱ ጋር የሚያያይዘው ሰም ነው። እንዳንቺው ባለ የድሮ የእንግሊዝ ኮንሰርቲና ግን ምላሱን የተሸከመው ናስ እንጨቱ ውስጥ በተፈለፈለለት ቦታ ጥብቅ ብሎ ከመሰካቱ በቀር ሌላ መያዣ የለውም። ቻርልስ ዊትስቶን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ የፈለሰፈው መሣሪያ ነው፤ እንጨቱ የለመደው የዚያን አገር እርጥብ አየር ነው። አንቺ ያለሽበት የሚኒሶታ ቀዝቃዛ አየር የሚይዘው እርጥበት ጥቂት ነው፤ ቤት ገብቶ በማሞቂያ ሲሞቅ ደግሞ እንጨቱን ይመጠዋል። እንጨቱ ሲኮማተር ናሱ ይላላል። አንዱን ቁልፍ ስትጫኚ የጎረቤቱ ድምፅ አብሮ ከተሰማሽም ምላሶቹ በተቀመጡባቸው ክፍሎች መካከል አየር እየሾለከ ነው።

ስለዚህ አስቀድመሽ እርጥበቱን መልሺለት። የእርጥበት መለኪያ ገዝተሽ የኮንሰርቲናው ማስቀመጫ ሳጥን ውስጥ አኑሪ፤ ከ40 እስከ 60 በመቶ ያሳይ። የፕላስቲክ የሳሙና መያዣ በሳስተሽ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ ክተችበትና እዚያው ሳጥኑ ውስጥ አኑሪው፤ የወናፉን ቆዳ ግን እንዳይነካ። ከዚያ ሳምንታት ታገሺ፤ ብዙውን ጊዜ ድምፁ ራሱ ይመለሳል።

ካልተመለሰ ብቻ ክፈቺው። ካርቶን ላይ ስድስት ማዕዘን ሥለሽ ያወጣሽውን ብሎን ሁሉ በየቦታው ሰኪበት፤ እያንዳንዱ ወደ ወጣበት ቀዳዳ መመለስ አለበት። የላላውን ናስ በአውራ ጣትሽ ቀስ አድርገሽ ወደ ውስጥ ግፊው። አሁንም ከተንቀሳቀሰ ከጎኑ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ አስገቢ። የሐምሌ ወበቅ ሲመጣ እንጨቱ አብጦ ምላሱን ያጣብቃል፤ ያን ጊዜ ወረቀቱን ታወጪዋለሽ፣ ሙጫን ግን ማን ያወጣዋል? ዘይት የሚባል ነገር ደግሞ ምላሱን አታስነኪ።

ከውጭ ስትገቢ ሳጥኑን ወዲያው አትክፈቺ። የቤቱ እርጥበት በቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ይሆናል፣ ከዚያ ዝገት ነው። ተዘግቶ ለጥቂት ሰዓታት ይሙቅ። መኪና ውስጥም አታሳድሪው፣ አደራ!

ወናፉን ለመፈተን ቁልፍ ሳትነኪ አንዱን ጫፍ ይዘሽ አንጠልጥዪው። በዝግታ ከወረደ ጤነኛ ነው። ቶሎ ከወረደ ወደ ጉንጭሽ አስጠግተሽ ግፊው፤ አየሩ የሚወጣበትን ቦታ ቆዳሽ ይነግርሻል።

መለኪያው ስንት እንዳሳየ ጻፊልኝ። እናትሽ ሰላም ብላሻለች።

አባትሽ